ፕሮሰሰር ስንገዛ የምንከፍለው ለምኑ ነው?

ሰሜን ሸዋ፣ ማጀቴ ላይ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው ቤተሰብ የሚጨነቅበት ትልቁ ዕቃ ድሮ ፍራሽና ሻንጣ ነበር፤ ዛሬ ላፕቶፕ ነው። የማሾ ወይም የሽንኩርት ብር ይቆጠራል፤ «ኮምፒውተር ያውቃል» የሚባል አጎት ወይም የጎረቤት ልጅ ይለመናል፤ ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ ኮምቦልቻ፣ አቅም ያለው ደግሞ እስከ አዲስ አበባ መገናኛና መርካቶ ድረስ ይኬዳል። ሱቁ ውስጥ የሚሰማው ንግግር ግን የትም ቢሆን ይመሳሰላል።

«አባባ፣ ይሄ ኮር አይ ሰቨን ነው። ያኛው አይ ፋይቭ ነው። አይ ሰቨኑ ይበልጣል።»

«በምን ያህል ይበልጣል ልጄ?»

«በስድስት ሺህ ብር።»

አባት የጠየቁት ስለ ጉልበቱ ነበር፤ የተመለሰላቸው ስለ ዋጋው ነው። ለእሳቸው ጥያቄ ተገቢ መልስ አለ፤ ከባድም አይደለም። በየዶርሙ የሚያስመሽ ሌላ ክርክር ደግሞ አለ፦ ኢንቴል ወይስ ኤኤምዲ? ሁለቱ ጥያቄዎች የተያያዙ ናቸው። «አይ ሰቨን» የሚለው ስም ስድስት ሺህ ብር የሚያስጨምረው፣ ሁለቱ ፕሮሰሰር ሠሪ ኩባንያዎች ለአሥርተ ዓመታት ገዢን በስምና በቁጥር ሲሻሙ ስለኖሩ ነው።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሚሠራ እንይ። ፕሮሰሰር ጥፍር በምታህል የሲሊከን ቁራጭ ላይ የተደረደሩ እጅግ ብዙ ትራንዚስተሮች ናቸው። ትራንዚስተር በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ በጣም ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የኢንቴል 4004 ፕሮሰሰር 2,300 ያህል ነበሩት፤ ዛሬ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ያሉት በቢሊዮን ይቆጠራሉ። እነዚህ ማብሪያ ማጥፊያዎች ተቀናጅተው የሚሠሩት ሥራ ቀላል ነው፦ ይደምራሉ፣ ያወዳድራሉ፣ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ይገለብጣሉ። ፊልሙም፣ የዎርድ ገጹም፣ ጨዋታውም የዚህ ድግግሞሽ ውጤት ነው።

እንጀራ የሚሸጥ ቤት እናስብ። ኮር የሚባለው ምጣዱ ነው። ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር ሁለት ምጣድ ጥዷል፤ ባለ አራቱ አራት። ጊጋኸርዝ የጋጋሪዋ እጅ ፍጥነት ነው፤ ሦስት ጊጋኸርዝ ማለት በሰከንድ ሦስት ቢሊዮን ጊዜ ትንቀሳቀሳለች ማለት ነው። ካሽ የሚሉት ከጎኗ ያለችው ትንሿ የሊጥ ዕቃ ናት፤ ካሹ ትንሽ ከሆነ በየደቂቃው እየተነሳች ከጓዳ ካለው ቡሃቃ ልታመጣ ነው፤ ቡሃቃው ራም ነው። ዋት ደግሞ የሚፈጀው እሳት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ አንድ እንጀራ ብቻ የፈለገ ደንበኛ ቢመጣ አራት ምጣድ መኖሩ አያፈጥንለትም፤ የሚያፈጥንለት የአንዷ ጋጋሪ ቅልጥፍና ነው። ለድግስ ሦስት መቶ እንጀራ ያዘዘ ግን የምጣዱን ብዛት ይፈልጋል። ኮምፒውተርም እንደዚሁ ነው። የሲቪል ምህንድስና ተማሪ በአውቶካድ ሲስል አብዛኛው ሥራ በአንድ ኮር ላይ ይወድቃል፤ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ግን ያሉትን ኮሮች ሁሉ ያሠራል። ሁለተኛ፣ የእጅ ፍጥነት ብቻውን ምንም አይነግረንም። የአሁን ዘመን ኮር በአንድ ምት (በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ) ውስጥ ከድሮው የበለጠ ሥራ ይጨርሳል። ስለዚህ በ2.5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ አዲስ፣ በ3.5 የሚሠራ አሮጌን ሊቀድም ይችላል።

ገዢው የሚቆጥረው ጊጋኸርዙን ብቻ በነበረበት ዘመን ሁለቱም ኩባንያዎች በዚህ ተጫውተዋል። በመጋቢት 2000 እ.ኤ.አ. ኤኤምዲ በአትሎን ፕሮሰሰሩ አንድ ጊጋኸርዝ ላይ ቀድሞ ደረሰ፤ ኢንቴል በሁለት ቀን ልዩነት ተከተለ። ከዚያ ኢንቴል ፔንቲየም 4ን አወጣ፤ ብዙ ምት እንዲመታ ታስቦ የተሠራ፣ በአንድ ምት የሚጨርሰው ሥራ ግን አነስተኛ የነበረ ፕሮሰሰር ነው። ኤኤምዲ በጊጋኸርዝ ሲበለጥ በ2001 በስሙ ላይ ሌላ ቁጥር ለጠፈ። «አትሎን ኤክስፒ 1800+» የተባለው የሚመታው በ1,533 ሜጋኸርዝ ነበር፤ 1800 የሚለውን ገዢው የተረዳው «ከ1,800ው ተፎካካሪ ጋር እኩል ነኝ» እንደማለት ነው። ፔንቲየም 4 በበኩሉ ሙቀቱ አላስኬደውም፤ 4 ጊጋኸርዝ ይደርሳል የተባለው ሞዴል በ2004 ተሰረዘ፣ 3.8 ላይ ቆመ። በቁጥር የሚገዛ ደንበኛ ለቁጥር ተብሎ የተሠራ ዕቃ እንደሚደርሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ዛሬ የጊጋኸርዙን ቦታ የያዘው «አይ ስሪ፣ አይ ፋይቭ፣ አይ ሰቨን» ነው። ይህ ስም የሚናገረው በዚያ በወጣበት ዓመት ከነበሩት ወንድሞቹ መካከል ስንተኛ መደብ ላይ እንደተቀመጠ ብቻ ነው። ከሌላ ዓመት ጋር አያወዳድርም። ለማወዳደር ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል። ኮር አይ7-7500ዩ የሚለውን እንውሰድ፤ ከሰረዙ በኋላ ያለው 7 ሰባተኛ ትውልድ፣ በነጋዴው አነጋገር «ሰቨንዝ ጀነሬሽን» ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሲሆን ሁለት ኮር አለው። ኮር አይ5-8250ዩ ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ በ2017 ሲወጣ አራት ኮር ይዞ መጣ። ብዙ ነገር አብሮ የሚከፍት ሰው አይ5 በተባለው የበለጠ ይጠቀማል። ከዚያም አልፎ በ2022 የወጣው አይ3-1215ዩ ስድስት ኮር አለው፤ ሁለቱ ትልልቅ፣ አራቱ ኤሌክትሪክ ቆጣቢ ትንንሾች። በስም ዝቅተኛው መደብ የተባለው የድሮውን አይ7 ጥሎት ይሄዳል። ለአባትየው የሚሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፦ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ሳይታወቅ አይ7 ከአይ5 ይበልጣል ማለት አይቻልም።

በኤኤምዲ በኩልም ማስተዋል ያስፈልጋል። «ራይዘን 5 7520ዩ» የሚለውን ያየ ሰው ሰባት ሺህ ስለሚል አዲስ ይመስለዋል። ዕቃው በ2022 ወጣ እንጂ በውስጡ ያለው የኮር ንድፍ ዜን 2 ነው፤ ይህ ንድፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ2019 ነው። በሰባት ሺህ ተከታታይ ላፕቶፖች ላይ እውነቱን የሚናገረው ሦስተኛው ቁጥር ነው፦ 2 ከሆነ ዜን 2፣ 3 ከሆነ ዜን 3፣ 4 ከሆነ ዜን 4። ይህን የሚያውቅ ተራ ገዢ ስንት ነው? በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ኢንቴል ይህን የኤኤምዲ አሰያየም የሚያጋልጥ የማስታወቂያ ሰነድ አወጣ፤ ተቃውሞ ሲበዛበት አነሳው። ተቃውሞው የተነሳው ኢንቴል ራሱ የቆየ ንድፍ በአዲስ ስም መሸጥ የለመደ ስለሆነ ነው። ለአንደኛው ወግኖ ሌላውን አታላይ የሚል ተከራካሪ ይህን ታሪክ ቢያነብ ጥሩ ነው።

የሁለቱ ፉክክር ሥር ሩቅ ነው። ኢንቴልን በ1968 ሮበርት ኖይስና ጎርደን ሙር መሠረቱ፤ ኤኤምዲን በ1969 ጄሪ ሳንደርስና ባልደረቦቹ። ሦስቱም ፌርቻይልድ ከሚባል አንድ ድርጅት የወጡ ናቸው። አይቢኤም በ1981 የግል ኮምፒውተሩን በኢንቴል ፕሮሰሰር ሲሠራ በአንድ አቅራቢ ላይ መንጠልጠልን አልፈለገም፤ በዚህ የተነሳ ኤኤምዲ የኢንቴልን ንድፍ የሚያመርት ሁለተኛ አቅራቢ ሆነ። ውሉ በኋላ ተበላሽቶ ለዓመታት ፍርድ ቤት አመላለሳቸው። ዛሬ የሁለቱ ፕሮሰሰር አንድ ዓይነት ዊንዶውስና አንድ ዓይነት ፕሮግራም የሚቀበለው ከዚያ ዘመን ጀምሮ አንድ የትእዛዝ ቋንቋ ስለሚጋሩ ነው። እንዲያውም ዛሬ የምንጠቀምበትን የ64 ቢት ቅጥያ ቀድሞ ያወጣው፣ በ2003፣ ኤኤምዲ ነው፤ ኢንቴል ተቀብሎታል። «ኤኤምዲ ላይ አንዳንድ ፕሮግራም አይጫንም» የሚለው የሱቅ ወሬ መሠረት የለውም።

«ኤኤምዲ ይሞቃል» የሚለው ግን መሠረት ነበረው። ከ2011 ጀምሮ በቡልዶዘር ንድፍ የወጡት ፕሮሰሰሮች ብዙ ኤሌክትሪክ እየበሉ ጥቂት ሠሩ፤ በ2013 የወጣው ኤፍኤክስ-9590 220 ዋት ይፈልግ ነበር። ሊሳ ሱ በ2014 ሥራ አስፈጻሚ ስትሆን ኩባንያው ሊወድቅ የተቃረበ ይመስል ነበር። በመጋቢት 2017 የመጀመሪያው ራይዘን ወጣ፤ ስምንት ኮር ያለው በ499 ዶላር፣ ኢንቴል ለስምንት ኮር ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍል በነበረበት ጊዜ። ኢንቴል አሥር ዓመት ያህል ለተራው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ገዢ ከአራት ኮር አላለፈም ነበር፤ በዚያው ዓመት ግን ስድስት ኮር አመጣ። የላፕቶፑም አይ5 ከሁለት ወደ አራት የዘለለው በ2017 መሆኑን ልብ በሉ። ዛሬ ከአዲስ አበባ ሱቅ ስምንተኛ ትውልድ አይ5 የሚገዛ ሰው፣ ኤኤምዲን በስም እንኳ ባያውቀው፣ ከፉክክሩ ተጠቅሟል። የሙቀቱም ተራ ለኢንቴል ደርሷል፦ ከቅርብ ዓመታት የኢንቴል የጠረጴዛ ፕሮሰሰሮች አንዱ የሆነው አይ9-13900ኬ እስከ 253 ዋት ይወስዳል። በ2024 ደግሞ የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የጠረጴዛ ፕሮሰሰሮች ከልክ ባለፈ ቮልቴጅ ምክንያት መበላሸታቸው ተረጋግጦ ኢንቴል ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዘመ።

ፉክክሩ ሁልጊዜ በጥራት ብቻ አልነበረም። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2009 ኢንቴልን 1.06 ቢሊዮን ዩሮ ቀጣ፤ ክሱ የኮምፒውተር አምራቾች ከኤኤምዲ እንዳይገዙ ቅናሽና ክፍያ ሰጥቷል የሚል ነበር። ቅጣቱ ለዓመታት በፍርድ ቤት ተንከባለለ። በዚያው ዓመት ግን ኢንቴል በመካከላቸው የነበረውን ክርክር ለመዝጋት ለኤኤምዲ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ።

ይህ ሽኩቻ አገራችንም ገብቶ ነበር፤ ብዙ ሰው አያስታውሰውም እንጂ። በ2008 እ.ኤ.አ. አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ተሰጡ። ኤክስኦ ይባላሉ፤ «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» በሚል በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተመሠረተው ድርጅት ሥራ ናቸው። በውስጣቸው ያለው ፕሮሰሰር የኤኤምዲ ጂዮድ ነበር፤ 433 ሜጋኸርዝ ብቻ። ኢንቴል ክላስሜት የሚባል ተወዳዳሪ ላፕቶፕ በራሱ ፕሮሰሰር ለድሃ አገሮች ያቀርብ ነበር። በ2007 ኢንቴል የኔግሮፖንቴ ድርጅት አባል ሆነ፤ በጥር 2008 ተጣልቶ ወጣ። ድርጅቱ ኢንቴልን የእኛን ምርት እያጣጣልክ የራስህን ትሸጣለህ አለው፤ ኢንቴል ክላስሜትን እንዲተው መጠየቁን አልተቀበለም።

በቁጥር ብቻ ለሚፈርድ ሰው ኤክስኦ ተሸናፊ ነው። የክላስሜት ሴሌሮን ፕሮሰሰር በ900 ሜጋኸርዝ ይመታ ነበር፤ ከእጥፍ በላይ። ንድፉን ለሚያይ ግን ኤክስኦ ስለ ቆላ ያሰበ ዕቃ ነበር። ፋን የለውም፤ አቧራ የሚገባበት ቀዳዳም አያስፈልገውም። የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ የለውም። ጥቂት ዋት ብቻ ስለሚወስድ በትንሽ ሶላር ይሠራል፤ ስክሪኑ ፀሐይ ላይ ይነበባል። ለቆላ ልጅ ከጊጋኸርዝ የሚበልጥ ጥያቄ እንዳለ የተረዳ መሐንዲስ የሠራው ነው ብዬ አምናለሁ። መቶ ዶላር ይሆናል ተብሎ 188 ዶላር ገደማ መድረሱና መምህራን በቂ ሥልጠና ሳያገኙ ለልጆች መታደሉ ጎዳው፤ የፕሮሰሰሩ ጉድለት አልነበረም።

የቆላውን ነገር ካነሳን፣ ሙቀት በወሬ እንደሚባለው ቀላል ነገር አይደለም። ፕሮሰሰር የሚቀዘቅዘው ሙቀቱን ለክፍሉ አየር በመስጠት ነው፤ ስለዚህ ክፍሉ በ15 ዲግሪ ከሞቀ ቺፑም ወደዚያው ገደማ ከፍ ይላል። 2,800 ሜትር ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ በ80 ዲግሪ የሚሠራ ላፕቶፕ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በ35 ዲግሪ ከሰዓት 95 ሊጠጋ ነው። (ደጋው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋን ትንሽ ይደክማል፤ ብርዱ ግን ያካክሰዋል።) አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ያን ጊዜ ለከፍተኛ ጊጋኸርዝ የተከፈለው ብር ሥራ ላይ አይውልም።

በሞዴሉ መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል እዚህ ላይ ይጠቅማል። ዩ የሚለው በ15 ዋት አካባቢ የሚሠራ ነው፤ ኤች የሚለው 45 ዋት ገደማ። ሁለቱም ኩባንያዎች ፊደሎቹን ይጠቀማሉ። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ባለ ዩው ባትሪውን ቶሎ አይጨርስም፣ ፋኑም አይጮህም። ለተማሪ፣ ለቢሮ፣ ለሱቅ ሒሳብ ከበቂ በላይ ነው። ኤች የሚያስፈልገው ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ባለ ሦስት አቅጣጫ ሥዕል ለሚሠራ፣ ጨዋታ ለሚጫወት ነው። ሻጭ «ኤች ስለሆነ ይበልጣል» ሲላችሁ እውነቱን ነው፤ ግን የሚበልጠው ቻርጀሩ ሲሰካና ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ነው።

ዋጋው ለምን እንዲህ ያስጨንቃል ለሚል መልሱ የዶላር ምንዛሬ ነው፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 አለፈ። 300 ዶላር የሚያወጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ከ17 ሺህ ብር ወደ 39 ሺህ ዘለለ ማለት ነው፤ ትርፉና ቀረጡ ሳይታሰብ። ለዚህ ነው እኛ አገር የፕሮሰሰር ክርክር የትርፍ ጊዜ ወሬ የማይሆነው። የተሳሳተ ተለጣፊ ላይ የሚባክነው የአንድ ምርት ዘመን ብር ሊሆን ይችላል።

ወደ እኛ ገበያ «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባለ ከሚመጣው ብዙው የውጭ መሥሪያ ቤቶች ተጠቅመው የለወጡት ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ዴል ላቲቲዩድና ሌኖቮ ቲንክፓድ ነው። እነዚያ መሥሪያ ቤቶች በብዛት ኢንቴል ይገዙ ስለነበር ገበያችንም ኢንቴል ሞላው፤ ኤኤምዲ ብርቅ የሆነው በጥራት ተበልጦ አይደለም። የራይዘን 5 ፕሮ 4650ዩ ወይም 5650ዩ ቲንክፓድ ከአሥረኛ ትውልድ አይ5 ጋር በአንድ ዋጋ ካገኛችሁ ራይዘኑን እመርጣለሁ፤ ስድስት ኮር ለአራት ነው።

አሁን ደግሞ አንድ ጥንቃቄ ተጨምሯል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በላፕቶፕ በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከራይዘን 3000 ጀምሮ ያሉትን ነው። ስለዚህ ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ አይ7 «በቅናሽ» ሲቀርብላችሁ ቅናሹ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ሊኑክስ ለሚጭን ሰው ግን ያው ዕቃ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ያን ያህል ከወረደ።

ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆኑ ሁለት ላፕቶፖች ፊታችሁ ካሉ፣ ከአይ5 ወደ አይ7 ለማሳደግ ከመክፈል ራሙን ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት ማሳደግ ይሻላል፤ ሀርድ ዲስክ ያለው ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት ኤስኤስዲ ይለወጥለት። ቀን ተቀን የሚሰማው ፍጥነት ከእነዚህ ይመጣል።

ሱቁ ውስጥ ተለጣፊውን አትመኑ፤ ይላጣል፣ ይለጠፋል። ላፕቶፑ ሲበራ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን አብራችሁ ተጫኑና ታስክ ማናጀር ሲከፈት «ፐርፎርማንስ» የሚለው ውስጥ ሲፒዩን ምረጡ። ሙሉ ስሙ ከላይ በቀኝ ይታያል፤ የኮሩ ብዛትና የሚመታበት ጊጋኸርዝ ከታች። ቻርጀሩን ሰክታችሁ ቪዲዮና ብዙ ገጽ ከፍታችሁ ለሩብ ሰዓት ያህል አቆዩት። ሥራ በዝቶበት ሳለ ጊጋኸርዙ ወደ አንድ አካባቢ ወርዶ ከቀረና ፋኑ ከጮኸ፣ ወይ በአቧራ ተደፍኗል ወይ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ፔስት ደርቋል። ይህ የሚጠገን ችግር ነው፤ ጠርጎና ፔስቱን ቀይሮ እንዲሰጣችሁ ብሩ ከኪሳችሁ ከመውጣቱ በፊት ተስማሙ።